አልፋልፋን ጨምቆ ፕሮቲኑን ለዶሮ፣ ቅሪቱን ለላም ማብላት ያዋጣል?

ባለ ቆጋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜጫ ወረዳ፣ የቆጋ መስኖ ከሚደርስባቸው ቀበሌዎች በአንዱ ነው። ሁለት የተዳቀሉ የወተት ላሞችና መቶ ያህል እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ከበቆሎው ማሳ ከፍዬ በቦዩ ዳር የዘራሁት አልፋልፋ በበጋም ጭምር ስለሚታጨድ በላሞቹ በኩል ብዙ አልቸገርም፤ የሚያሳስበኝ የዶሮዎቹ መኖ ነው። በቆሎው ከራሴ ጎተራ ይወጣል፤ ፕሮቲን የሚሆናቸውን የኑግ ፋጉሎና የተቆላ አኩሪ አተር ግን በግዢ ስለማመጣ፣ የፋጉሎ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከእንቁላሉ የማገኘው ትርፍ ተመልሶ ወደ መኖ ነጋዴው ይሄዳል። አልፋልፋውን ከትፌ ባቀርብላቸው ቅጠሉን እየመረጡ ይለቅማሉ እንጂ ግንዱን አይነኩትም፤ ጨምሬ ስሰጣቸው ደግሞ ዋናውን መኖ ስለሚተዉ እንቁላል ይቀንሳሉ።

በቅርቡ አንድ ባለሙያ ሲናገር እንደሰማሁት፣ እርጥብ ቅጠል ተፈጭቶ ሲጨመቅ ፕሮቲን ያለበት ጭማቂ በአንድ በኩል፣ ቃጫው በሌላ በኩል ይለያል፤ ከጭማቂው የሚወጣው ለዶሮ፣ ቃጫው ለሚያመሰኩ ከብቶች ይሆናል። ነገሩ በምርምር ጣቢያ ብቻ የሚሠራ ነው ወይስ እንደ እኔ ያለ አባወራም ሊሞክረው ይችላል? ምን ዓይነት መሣሪያ ይጠይቃል? ከሁሉም በላይ፣ ማገዶውና ጉልበቱ ሲታሰብ ያዋጣል ወይ? የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አንዳሳ ማዶ

ወንድሜ ባለ ቆጋ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ከቅጠል ጭማቂ በሙቀት የሚረጋ ነገር እንደሚገኝ ፈረንሳዊው ኬሚስት ኢሌር ሩዌል የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1773 ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ የምግብ እጥረት ባሰጋት ወቅት ኖርማን ፒሪ የተባለው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ጉዳዩን አነሣው፤ ከዚያ በኋላም በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሠራበት። (ይህ ሰው በሙያው ዓለም ይበልጥ የሚታወቀው የትምባሆን ቅጠል በሚያጠቃው ቫይረስ ላይ ባደረገው ጥናት ነው፤ የቅጠል ፕሮቲኑን ነገር ግን እስከ እርጅናው አልተወውም።) ዛሬ በፈረንሳይ ከአልፋልፋ በፋብሪካ ደረጃ ይመረታል፤ በዴንማርክም ማጌጥ ከሚባለው የመኖ ተክልና ከሣር ድብልቅ ለአሳማና ለዶሮ የሚሆን ፕሮቲን ለማውጣት ሰፊ ሥራ እየተሠራ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት መጀመሪያ ፕሮቲኑ የት እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል። የቅጠል ፕሮቲን የሚገኘው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ባለው ፈሳሽና ቅጠሉን አረንጓዴ በሚያደርጉት ክሎሮፕላስቶች ውስጥ ነው፤ ይህን ሁሉ የከበበው የሕዋስ ግድግዳ ደግሞ በዋናነት ሴሉሎስ የተባለ ጠንካራ ቃጫ ነው። ላም በጨጓራዋ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ሕያዋን አማካይነት ግድግዳውን ታፈርሰዋለች፤ ዶሮ ግን ይህ አቅም የላትም። ስለዚህ ለዶሮዋ ግድግዳውን አስቀድመን በመሣሪያ ማፍረስ አለብን። መክተፍ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቅጠሉ ተደቁሶና ተፈትጎ ልቁጥ መሆን ይኖርበታል። ልቁጡ በጨርቅ ወይም በተበሳ ሲሊንደር ውስጥ ሲጨመቅ ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ ይወጣል። ጭማቂው በፍጥነት እስከ 80 ወይም 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፣ ከአሬራ አይብ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ፕሮቲኑ ረግቶ ከውኃው ይለያል። የረጋው በጨርቅ ተጠልሎ ይጨመቃል፤ ከእርሱ የሚወጣው ቡናማ አጓት ስኳር፣ ፖታሲየምና ያልረጋ ናይትሮጅን የያዘ ነው።

ወደ መጠኑ እንምጣ። ከ100 ኪሎ እርጥብ አልፋልፋ ውስጥ 80 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። ከቀረው 20 ኪሎ ደረቅ ክፍል አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 4 ኪሎ ገደማ፣ ፕሮቲን ነው። በቀላል መሣሪያ ከተሠራ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ከቃጫው ጋር ይቀራል፤ ወደ ጭማቂው ከገባውም የተወሰነው በአጓቱ ውስጥ ይሄዳል። በመጨረሻ በእጅ የሚገባው ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን ደረቅ ክምችት (የረጋው ነገር ሲደርቅ) ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ወይም ትንሽ ከግማሽ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልዎ አይፍረዱበት፤ ቅሪቱ አይጣልምና። በላዩ ካለው ፕሮቲን ጋር ለላሞቹ ይመለሳል፤ ውኃው ስለቀነሰ ለመሸከምም ሳይሌጅ (አየር እንዳይገባው ታፍኖ የሚቀመጥ እርጥብ መኖ) አድርጎ ለማቆየትም ይቀላል፤ ቶሎ የሚሟሟው ፕሮቲን ስለወጣለትም እርጥብ አልፋልፋ በብዛት ሲበላ የሚያመጣው የሆድ መነፋት ሥጋት ይቀንሳል።

ከሁሉ አጥብቄ የምነግርዎ ጊዜን ነው። ቅጠሉ ከታጨደ፣ በተለይም ከተደቆሰ በኋላ በራሱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ፤ ፕሮቲኑን ይበታትናሉ፣ ጭማቂውንም ያጠቁሩታል። ከዚህ የከፋው ክሎሮፊሉ ወደ ፊዮፎርባይድ መለወጡ ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር በብዛት የተመገበ እንስሳ ቆዳው ለፀሐይ ብርሃን ተጋላጭ ሆኖ እንዲቃጠል ያደርጋል። መፍትሔው ማለዳ አጭዶ ወዲያው መደቆስ፣ የተጨመቀውንም ሳያሳድሩ በፍጥነት ማሞቅ ነው። ጭማቂውን በብርድ ድስት ላይ ጥዶ ቀስ በቀስ ማሞቅ ለኢንዛይሞቹ ጊዜ ይሰጣል፤ በሚፈላ ውኃ ላይ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማርጋት ይሻላል። እንዲህ ሲደረግ እርጎውም (የረጋው ፕሮቲን) ጠንከር ያለና በቀላሉ የሚጠለል ይሆናል።

ጮቄ ሥር

ከላይ የተጻፈውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ገበሬው የጠየቀው ያዋጣል ወይ ብሎ ነውና በቁጥር እንነጋገር። 50 ሊትር ጭማቂ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 90 ለመድረስ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ በሦስት ጉልቻ ምድጃ አብዛኛው ነበልባል በከንቱ እንደሚሄድ ስናስብ፣ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገኘው 2 ወይም 3 ኪሎ ደረቅ ነገር ነው። ባሕር ዛፍ በራሱ ጓሮ ላለው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እንጨት ገዝቶ ለሚያነድ ግን አይደለም።

ሌላው ስሌት ይባስ ያስገርማል። መቶ ዶሮዎች በቀን ወደ 11 ኪሎ ተኩል መኖ ይበላሉ። የቅጠሉ ፕሮቲን ከዚህ 5 በመቶ እንዲሆን ቢፈለግ፣ በቀን ከ600 ግራም ያነሰ ደረቅ ክምችት ይበቃል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲንም ወደ 300 ግራም ነው። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስላለው ይህን ያህል ለማግኘት 1 ኪሎ ፋጉሎ ይበቃል። እንግዲህ አንድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ አጭዶ፣ ደቁሶ፣ ጨምቆ፣ አፍልቶና አጥልሎ የሚያተርፈው የአንድ ኪሎ ፋጉሎ ዋጋ ነው። ላም ብቻ ያለው ሰውማ ጨርሶ አይሞክረው፤ ላሚቱ ራሷ ቅጠሉን እንዳለ ተቀብላ ወተት ታደርገዋለችና መካከል መግባቱ ትርፍ ድካም ነው።

የእኔ ምክር ቀለል ያለ ነው፤ አልፋልፋውን ማበብ ሲጀምር አጭደው በጥላ ያድርቁት፣ ቅጠሉን ከግንዱ አራግፈው ያድቅቁትና ለዶሮዎቹ ከመኖው 5 በመቶ ያህል ይቀላቅሉላቸው፤ ግንዱን ለላሞቹ ይስጡ። ማገዶ አይጠይቅም፤ መሣሪያም አይጠይቅም።

አንዳሳ ማዶ

የጮቄ ሥር ስሌት ትክክል ነው፤ ላም ብቻ ያለው አይሞክረው ያሉትንም ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ግን ልጨምር። አንደኛ፣ ባለ ቆጋ በቀን 100 ኪሎ መጭመቅ አያስፈልጋቸውም፤ 25 ኪሎ ይበቃቸዋል። ጭማቂው 12 ሊትር ገደማ ይሆናልና በዚሁ ምድጃ ማገዶው ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል፤ በተሻሻለ ምድጃ ወይም በባዮጋዝ ከሆነ ከዚያም ይቀላል።

ሁለተኛ፣ ኪሎ ከኪሎ ማወዳደሩ የፕሮቲኑን ጥራት ያስረሳል። የኑግ ፋጉሎ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ በቆሎም እንዲሁ። የቅጠል ፕሮቲን በላይሲን የተሻለ ሲሆን የሚያንሰው ሜቲዮኒን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ነው፤ ኑግ ደግሞ በሜቲዮኒን ደኅና ነው። ስለዚህ የቅጠሉ ፕሮቲን ፋጉሎውን ሙሉ በሙሉ ከሚተካ ይልቅ አጠገቡ ሆኖ ጉድለቱን ቢሞላ የተሻለ ዋጋ አለው፤ ሊቀንስልዎ የሚችለውም ከፋጉሎው ይልቅ በውድ የሚገዙትን አኩሪ አተር ነው። የደረቀ ቅጠል ዱቄት ጥሩ አማራጭ መሆኑን አልክድም፤ ቃጫው ግን አብሮት ስላለ የዶሮዋን ሆድ ይሞላል፤ አልፋልፋ የያዘው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገርም ሲበዛ የመብላት ፍላጎትንና እንቁላልን ይቀንሳል። ባለ ቆጋ ያስተዋሉት የእንቁላል መቀነስ ከእነዚህ ሁለቱ የሚመጣ ይመስለኛል። የተጨመቀው ክምችትም ቢሆን ከ5 በመቶ እንዲያልፍ አልመክርም።

ማርቆስ ገበያ

ወንድሜ፣ እኔ በደብረ ማርቆስ ዶሮ የማረባ ነኝ፤ ይህንኑ በጥቂቱ በቤቴ እሠራዋለሁና ያየሁትን ልንገርዎ። የምጠቀመው በእጅ የሚዞር የሥጋ መፍጫ ነው። ቅጠሉን ከወፍራሙ ግንድ ለይቼ ሁለት ጊዜ አሳልፈዋለሁ፤ በመጀመሪያው ዙር የሚወጣው ገና ደረቅ መሳይ ነው፣ በሁለተኛው እጅን የሚያረጥብ ልቁጥ ይሆናል። ጥቂት ውኃ ረጭቼበት በአቡጀዲ ጠምዝዤ እጨምቀዋለሁ። ጭማቂውን በሚንተከተክ ውኃ ላይ ስጨምር መጀመሪያ አረፋው ይነሣል፤ ድስቱ ከግማሽ በላይ ከሞላ በእርግጥ ይገነፍላል። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴው ብጥስጥስ እያለ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ጠርቶ ቡናማ ሲሆን መርጋቱን አውቄ አወጣዋለሁ። ውኃው አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ሙቀቱ አልበቃውም ማለት ነው። የታጨደ ሣር ሽታው ጠንካራ ስለሆነ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ባይፈላ ይመረጣል።

እርጥቡን እርጎ ለብቻው ለማድረቅ መሞከር አይበጅም፤ ላዩ ይደርቅና ጠጠር ይሆናል፣ ውስጡ ይሻግታል። እኔ ገና እንደ ተጨመቀ ከበቆሎ ዱቄትና ከፍሩሽካ ጋር በእጄ አሽቼ፣ ፍርፍር ሲል በሰፌድ ላይ ስስ አድርጌ በጥላ አሰጣዋለሁ። ፀሐይ ላይ ከዋለ አረንጓዴነቱ ይለቃል፤ ጥቅሙም አብሮ የሚሄድ ይመስለኛል።

ሁለታችሁም ያላነሣችሁት አንድ ነገር የእንቁላሉ አስኳል ነው። በአገራችን የሚዘራው በቆሎ ነጭ በመሆኑ የተዘጋባቸው ዶሮዎች እንቁላል አስኳሉ የገረጣ ይሆናል፤ ገዢው ደግሞ ሲሰብረው አይቶ «ይህ የፈረንጅ ነው» ብሎ ዋጋ ይጥላል። ይህን እርጎ መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ሆኗል፤ ደንበኞቼም ከሐበሻ ዶሮ እንቁላል አይለዩትም። የአንድ ኪሎ ፋጉሎ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም አልደክምበትም ነበር።

ብየዳ ቤት

ቡሬ ላይ ብየዳ ቤት አለኝ፤ የመሣሪያውን ነገር ልመልስ። የሥጋ መፍጫው ለጥቂት ኪሎ ይበቃል፤ 25 ኪሎ ግን እጅ ይገድላል። የሚሻለው መኖ የሚፈጭ መዶሻማ ወፍጮ ላለው ሰው ወንፊቱን አውጥቶ ቅጠሉን ማሳለፍ ነው፤ መዶሻዎቹ ስለት ካላቸው ይከትፋሉ እንጂ አይደቁሱም፤ ስለዚህ ጠርዛቸው የደነዘ ቢሆን ይመረጣል። በከተማ የምናየው የሸንኮራ መጭመቂያ ለመጭመቅ ጥሩ ነው፤ ያልተደቆሰ ቅጠል ከገባበት ግን ጠፍጥፎ ያሳልፈዋል እንጂ ጭማቂውን አያወጣም።

ለመጭመቂያ ከተበሳ ላሜራ ሲሊንደር ሠርቶ በጠንካራ የብረት ፍሬም ውስጥ ማስቀመጥና በመኪና ክሪክ መጫን ይበቃል። ሰዎች ጉልበቱን ከፍ ማድረግ ላይ ያተኩራሉ፤ ከግፊቱ ይልቅ የሚወስነው የድርድሩ ውፍረት ነው። ልቁጡ በወፍራሙ ከታጨቀ የውጪው ክፍል ይጠጥርና የመካከሉን ጭማቂ አፍኖ ያስቀረዋል። በጨርቅ እየተጠቀለለ በስሱ ተደርድሮ፣ በየመካከሉም የተበሳ ሳህን ገብቶ፣ ክሪኩ ቀስ እያለ ቢጫን ጭማቂው መውጫ ጊዜ ያገኛል። ጭማቂ የሚነካው ክፍል ስቴንለስ ቢሆን መልካም ነው፤ ካልተቻለ በየቀኑ መታጠብ አለበት። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ግን አልመክርም፤ ጭማቂው ኮምጠጥ ሲል ዚንኩን ያነሣዋል።

ባለ ቆጋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአልፋልፋው ሌላ በአካባቢያችን ያለው ነገር ብዙ ነውና አንድ ጥያቄ ልጨምር። ሰስባኒያ በእርከኑ ላይ ተክለናል፤ ግብጦም በየማሳው አለ፤ ከጣና የሚወጣው እምቦጭ ደግሞ በየዳሩ ተከምሮ ይታያል። ከእነዚህ የሚሆን አለ? ቡናማውንስ አጓት ወዴት ላድርገው?

አንዳሳ ማዶ

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ተክል ለስላሳ፣ ጭማቂው ብዙ፣ ታኒኑ ትንሽ የሆነ ነው። ታኒን በብዙ ቅጠሎች ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ ቅጠሉ በሚደቆስበት ጊዜ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቆ በቃጫው ላይ ያስቀረዋል፤ ወደ ጭማቂው የገባውንም ለመፈጨት አስቸጋሪ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት የዛፍ ቅጠሎች በአብዛኛው አይመረጡም፤ ሰስባኒያውን ለላሞቹ እንዳለ ይስጡት። ግብጦን ይተዉት፤ ፍሬውን በወራጅ ውኃ የምንዘፈዝፍበት ምክንያት የሆነው መራራ አልካሎይድ በቅጠሉም አለ፤ ከጭማቂው ጋርም አብሮ ይወጣል። እርጎውን ደጋግሞ ማጠብ ሊቀንሰው ቢችልም ምን ያህል እንደቀረ በቤት ውስጥ መለካት አይቻልም። ለጋ ማሽላም ሳያናይድ ስላለበት አይሞከር። በክረምት በየጓሮው የሚበቅለው ሳማ ግን ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ታኒኑ ዝቅተኛ በመሆኑ ከአልፋልፋው ጋር ቢቀላቀል ጥሩ ነው። ከአበባ በፊት የታጨደ ማጌጥም እንዲሁ።

እምቦጭን በተመለከተ፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ስላስጨነቀው ብዙ ሰው ጥቅም ሊፈልግለት ይጥራል፤ ሐሳቡ ተገቢ ነው። ለፕሮቲን ግን አይሆንም። ከ100 ኪሎ እምቦጭ ውስጥ ደረቁ ክፍል ከ5 እስከ 7 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ እጅግ ብዙ ውኃ ተሸክመውና አሙቀው የሚያገኙት ፕሮቲን ኢምንት ነው። ከዚህም በላይ ተክሉ በውኃው ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ወደ ራሱ የመሳብ ጠባይ አለው፤ ይህን ወደ እንቁላል ማሻገር አይገባም።

የቅጠል ፕሮቲን ለሰው ምግብነት ይሆን ወይ ለሚል፣ የአውሮፓ ኅብረት የአልፋልፋውን ክምችት እ.ኤ.አ. በ2009 በቀን ከ10 ግራም ሳይበልጥ እንዲበላ ፈቅዷል፤ ይህ ግን ጥራቱ በላቦራቶሪ በተመረመረ የፋብሪካ ምርት ላይ ነውና በቤት የተሠራውን ለልጆች ከመስጠት ይቆጠቡ።

አጓቱን በምንም ምክንያት ወደ ቦዩ አይድፉት። በውስጡ ያለው ስኳር ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ከበታች የሚያጠጡ ጎረቤቶችዎም ሽታውን አይወዱትም። ባዮጋዝ ካለዎ እዚያ ይጨምሩት። ከሌለዎ ካቀዘቀዙት በኋላ በአሥር እጥፍ ውኃ አቅጥነው ያንኑ የታጨደውን አልፋልፋ ያጠጡበት፤ ሳይቀጥን ከተደፋ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። አልፋልፋ በየአጨዳው ከአፈሩ ብዙ ፖታሲየም ይዞ ስለሚወጣ የሚመለስለት ያስፈልገዋል።

ጮቄ ሥር

የአስኳሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ማርቆስ ገበያ ያነሡት ሚዛኑን ይለውጠዋል። ያም ሆኖ ክሪኩንና ሲሊንደሩን ከማሠራትዎ በፊት በሥጋ መፍጫ ለጥቂት ዶሮዎች ብቻ አዘጋጅተው፣ እንቁላሉን ለይተው መራዊ ገበያ ላይ ያቅርቡት። ገዢው ለደማቁ አስኳል የሚጨምር ከሆነ ወደ ብየዳ ቤት ይሂዱ፤ የማይጨምር ከሆነ በጥላ የደረቀው ቅጠል ይበቃዎታል።